የበረዶ ተራራ ጫማ አጭር ታሪክ

የታሪክ ትምህርት ሲባል በብዙ ተማሪዎች አእምሮ ፈጥኖ የሚመጣው የነገሥታት ስም፣ የጦርነት ዓመተ ምሕረትና የውል ስምምነት ነው። ሰው በየቀኑ የሚይዛቸውና የሚለብሳቸው ዕቃዎች የራሳቸው ታሪክ እንዳላቸው እምብዛም አይታሰብም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ታሪክ የምናስተምር እኛ ግን ከዕጩ መምህራን ጋር ስንወያይ ደጋግመን የምናነሣው አንድ አሳብ አለ። ይኸውም፣ አንድን ተራ ዕቃ ይዞ «ማን ሠራው? ለምን ሠራው? ለማን ደረሰ? ለማን ሳይደርስ ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ገጽ ከማስሸምደድ የበለጠ ያስተምራል የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ የወሰድነው የበረዶ ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚያደርጉትን፣ ሙቀት እንዲይዝ ሆኖ የተሠራውን የቆዳ ጫማ ነው።

ይህን መምረጣችን እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ምክንያትና ውጤት እንደዚህ ጫማ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ዕቃ ጥቂት ነው። ጫማው ከከፋ እግር ይቆረጣል። ደግሞም የምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ በረዶ የሌላ ዓለም ነገር ነው ሊል አይችልም። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር፣ የኬንያ ተራራ 5,199 ሜትር፣ የርዌንዞሪ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ 5,109 ሜትር ከፍታ ሲኖራቸው፣ መጠኑ ከዓመት ወደ ዓመት ቢቀንስም ግግር በረዶ ተሸክመው በምድር ወገብ አጠገብ ቆመዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ብርድ እግርን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው ገላ በጣም ሲበርደው ልብንና አንጎልን ለማዳን ሲል ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ጣቶች መጀመሪያ ይቆረጥማሉ፣ ቀጥሎ ይደነዝዛሉ፣ በመጨረሻም ሥጋው ራሱ ይረጋል። መደንዘዙ አሳሳች ነው፤ ሕመሙ ሲጠፋ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፤ አደጋው የሚብሰው ግን ያን ጊዜ ነው። በትልልቅ ተራሮች ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጉዳቱ ይፈጥናል። በኤቨረስት ጫፍ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሲሶ ያህል ብቻ ነው።

ጫማ ራሱ ሙቀት አይፈጥርም። ጋቢ የሚሞቀው በድርና በማጉ መካከል አየር ይዞ የገላን ሙቀት ስለሚያቆይ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የጫማ ገበርም ሥራው ይኸው ነው። የራሰ ጋቢ እንደማይሞቅ፣ የራሰ ገበርም አይሞቅም። ስለዚህ በበረዶ ላይ የእግር ጠላቶች ሦስት ናቸው፦ እርጥበት፣ ጥበትና ብረት። እርጥበት በገበሩ ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል። ጥበት ደሙን ያግዳል። ብረት ደግሞ የእግርን ሙቀት እየሳበ ለበረዶው ይሰጣል። የዚህ ጫማ ታሪክ በአጭሩ ከሦስቱ ጋር የተደረገ ትግል ነው።

የችንካር ዘመን

ከአውሮፓ ተራሮች አንዱ የሆነው ሞን ብላን በ1786 በሚሼል ገብርኤል ፓካርና በዣክ ባልማ ሲወጣ፣ ለተራራ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ጫማ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት ተራራ መውጣት እንደ ስፖርት ሲስፋፋ፣ የአልፕስ መንደሮች ጫማ ሰፊዎች ወፍራም የቆዳ ጫማ እየሰፉ ከሶሉ ሥር የብረት ችንካር መምታት ያዙ። የችንካሩ ራስ በበረዶና በዐለት ላይ እንዳያንሸራትት ይነክሳል። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጄኔቫው ፌሊክስ ዤነካን በሶሉ ጠርዝ ዙሪያ የሚመታና ጥርስ ያለው ጠንካራ ችንካር አወጣ፤ «ትሪኩኒ» በሚል ስምም በዓለም ታወቀ።

ይህ ጫማ ለመርገጥ ጥሩ፣ ለሙቀት ግን መጥፎ ነበር። እያንዳንዱ ችንካር ሙቀት ማፍሰሻ ቀዳዳ ሆነ ማለት ይቻላል። ቆዳውም ቀን በቀለጠ በረዶ ሲርስ ይውልና ሌሊት እንደ እንጨት ይደርቃል።

እንዲህ ያለውን ጫማ አድርገው ከወጡት ሰዎች መካከል ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኢርቪን ይገኛሉ። ሁለቱ እንግሊዛውያን በሰኔ 1924 የኤቨረስትን ጫፍ ለመያዝ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። የማሎሪ አስከሬን በ1999 ከ8,100 ሜትር በላይ ሲገኝ ባለ ችንካሩ ጫማ በእግሩ ላይ ነበር። በመስከረም 2024 ደግሞ ከኤቨረስት በስተሰሜን ባለው የሮንግቡክ ግግር በረዶ ላይ ችንካር ያለው አንድ አሮጌ የቆዳ ጫማ ተገኘ። በውስጡ ካልሲና የሰው እግር የነበረ ሲሆን፣ በካልሲው ላይ የኢርቪን ስም ተሰፍቶበታል። ኋላም በዘር ምርመራ የእርሱ መሆኑ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ የታሪክ መምህር ቆም ሊል ይገባዋል። ጫማው አንድ ጥያቄ መልሷል፤ ኢርቪን በተራራው በዚያ ወገን መውደቁን አሳይቷል። ሁለቱ ሰዎች ጫፍ ደርሰው ነበር ወይስ አልደረሱም ለሚለው ዋና ጥያቄ ግን መልስ አልሰጠም። ማስረጃ የሚናገረው የተጠየቀውን ሁሉ ሳይሆን የሚያውቀውን ብቻ ነው።

ጥርስ ያለው ብረት

ችንካር በጣም በቀጠነና በቆመ በረዶ ላይ አይበቃም። ስለዚህ ተራራ ወጪዎች በመጥረቢያ ደረጃ እየፈለጡ መውጣት ነበረባቸው። ይህን ለማስቀረት እንግሊዛዊው ኦስካር ኤከንስታይን በ1908 ገደማ ከጫማ ሥር የሚታሰር፣ አሥር ሹል ጥርሶች ያሉት ብረት ነደፈ። ኩርማዮር በምትባለው የጣሊያን መንደር የነበረው አንጥረኛ ሄንሪ ግሪቨል ሠራው። ይህ ብረት ክራምፖን ይባላል። በ1929 የአንጥረኛው ልጅ ሎራን ወደ ፊት የሚወጡ ሁለት ጥርሶች ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ሰው በቆመ በረዶ ፊት ለፊት ጥርሱን እየሰካ መውጣት ቻለ።

የልዩነቱ መጠን በሐምሌ 1938 በስዊስ አገር በአይገር ሰሜናዊ ገደል ላይ ታየ። ሃይንሪክ ሃረር ባለ ችንካር ጫማ እንጂ ክራምፖን አልነበረውም፤ ጓደኛው ፍሪትስ ካስፓሬክ የያዘው ባለ አሥር ጥርሱን ነበር። ስለዚህ ሁለቱ በረዶውን ደረጃ እየፈለጡ ይወጡ ነበር። ከእነርሱ ኋላ የጀመሩት አንደርል ሄክማየርና ሉድቪግ ፎርግ ግን ባለ አሥራ ሁለት ጥርሱን አድርገው ስለ ነበር በተፈለጠው ደረጃ ላይ ፈጥነው ደረሱባቸው። አራቱም በአንድነት ሐምሌ 24 ቀን ጫፉን ያዙ።

ክራምፖን ችግሩን በሙሉ አልፈታም፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን አመጣ። የብረቱ ጠፍር ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ለስላሳውን ጫማ ጨምድዶ የእግርን ደም ያግዳል። ስለዚህ የበረዶ ጫማ ሶል እንዳይታጠፍ ጠንካራ፣ የፊቱም ቆዳ እንዳይጨመደድ ወፍራም መሆን ነበረበት። በሌላ በኩል ግን የመንከስ ሥራ ወደ ተለየ ብረት ስለ ተላለፈ፣ ችንካሩን ከሶሉ ላይ ነቅሎ የመጣል መንገድ ተከፈተ።

የጎማ ሶል

ያን መንገድ ያስጀመረው አሳዛኝ አደጋ ነው። በ1935 ቪታሌ ብራማኒ የተባለ የሚላኖ ተራራ ወጪ ከባልንጀሮቹ ጋር ፑንታ ራሲካ ወደሚባል የጣሊያን አልፕስ ጫፍ ወጣ። በዚያ ዘመን ልማድ ባለ ችንካሩ ከባድ ጫማ ከዐለቱ ሥር ይቀመጥና ሰው ዐለቱን በቀላል ጫማ ይወጣ ነበር። እነርሱም ይህንኑ ሲያደርጉ ዶፍና ብርድ መጣ። በቀላሉ ጫማ በበረዶ ላይ መውረድ አልሆነላቸውም። ስድስት ሰዎች ሞቱ።

ብራማኒ ከዚያ በኋላ በዐለትም በበረዶም የሚያገለግል፣ ብረት የሌለበት አንድ ጫማ ለማግኘት ተነሣ። የፒሬሊ የጎማ ፋብሪካ ረድቶት በ1937 ጥልቅ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል አወጣ። ቅርጹ የታንክ ሰንሰለት ስለሚመስል በጣሊያንኛ «ካራርማቶ» ማለትም ታንክ ተባለ። ድርጅቱም ከስሙ ከቪታሌ ብራማኒ ተውጣጥቶ ቪብራም ተሰኘ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ለሟቾቹ የማይመለስ ነገር ነበር። ለተከታዮቻቸው ግን ጎማ ሙቀትን እንደ ብረት ስለማያሾልክ፣ ከሦስቱ ጠላቶች አንዱ በዚህ ተቀነሰ።

መሣሪያ ከፋብሪካ ባይገኝም ሰው ከመፈልሰፍ እንደማይቦዝን የሚያሳይ ታሪክ በአካባቢያችንም አለ። በአዲስ አበባ በጣሊያን ቅኝ አስተዳደር ሠራተኛ የነበረው ፌሊቼ ቤኑትሲ በ1941 በእንግሊዞች ተማርኮ ናንዩኪ አጠገብ ከኬንያ ተራራ ግርጌ ታስሮ ነበር። በጥር 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከእስር ቤቱ አመለጠ፤ ሐሳባቸውም መኮብለል ሳይሆን ተራራውን መውጣት ነበር። የበረዶ መጥረቢያቸውን ከመዶሻ፣ ክራምፖናቸውን ከተጣለ ብረት ሠርተውታል። ቤኑትሲና ጆቫኒ ባሌቶ 4,985 ሜትር ከፍታ ያለውን ሌናና ጫፍ ከወጡ በኋላ ተመልሰው በገዛ እጃቸው ወደ እስር ቤቱ ገቡ።

ከአናፑርና እስከ ኤቨረስት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሮች ከ8,000 ሜትር በላይ ያሉትን የሂማላያና የካራኮረም ተራሮች ለመያዝ ተሽቀዳደሙ። የመጀመሪያዎቹ ፈረንሳዮች ናቸው። ሰኔ 3 ቀን 1950 ሞሪስ ኤርዞግና ሉዊ ላሽናል 8,091 ሜትር ከፍታ ያለውን አናፑርናን ወጡ። ላሽናል በመንገድ ላይ እግሩ መደንዘዙን አውቆ ስለ ነበር መመለስን አስቦ ነበር፤ ጓደኛውን ብቻውን ላለመተው ሲል ቀጠለ። በጉዞው መጨረሻ ሁለቱም የእግራቸውን ጣቶች በሙሉ አጡ፤ ኤርዞግ የእጁ ጣቶችም ተቆረጡ። በአልፕስ በቂ የነበረው የቆዳ ጫማ በሂማላያ በቂ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ።

እንግሊዞች ለ1953ቱ የኤቨረስት ጉዞ ሲዘጋጁ የጫማውን ጉዳይ ለጫማ ኢንዱስትሪው የምርምር ማኅበር ሰጡት። ሁለት ዓይነት ጫማ ተዘጋጀ፤ አንዱ ለታችኛው መንገድ፣ ሌላው ለላይኛው ብርድ። የላይኛው ፊቱ ስስ ቆዳ ሲሆን፣ በመካከሉ ካፖክ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚገኝ ጥጥ መሰል ጭረት በወፍራሙ ተነጥፎበታል። የእግሩ ላብ ወደ ጭረቱ እንዳይገባ ውስጡ ውኃ በማያሳልፍ ነገር ተከለለ። ሶሉም አየር የያዘ ቀላል ጎማ ነበር። ስለዚህ የጫማውን ሙቀት የሚይዘው ቆዳው ሳይሆን በቆዳው ውስጥ የታሰረው አየር ሆነ።

ቢሆንም ጫማ ብቻውን አያድንም። ግንቦት 29 ቀን ጠዋት ኤድመንድ ሂላሪ ሌሊቱን አውልቆ ያሳደረው ጫማ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አገኘው፤ በምድጃ እሳት ሲያለሰልስ ሁለት ሰዓት ያህል አለፈበት። ቴንዚንግ ኖርጌ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ስላደረ ይህ አልደረሰበትም። ቴንዚንግ በራሱ የሕይወት ታሪክ እንደ ተናገረው፣ በዚያ ቀን ያደረገው የስዊሶችን ጫማ ነበር። እርሱ በ1952 ከስዊሶች ጋር እዚያው ተራራ ላይ ስለ ነበር ብርዱን በሚገባ ያውቀዋል።

የአሚር መህዲ ጫማ

እስካሁን የተናገርነው ጫማ ስለሠሩና ስላገኙ ሰዎች ነው። ሳይደርሰው የቀረስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው በ1954 ጣሊያኖች 8,611 ሜትር ከፍታ ያለውን ኬ-2ን ሲወጡ የደረሰው ነገር ነው።

አሚር መህዲ በዛሬው ሰሜን ፓኪስታን የሁንዛ ሰው ነው። በ1953 ናንጋ ፓርባትን ብቻውን ወጥቶ እግሩን ብርድ የመታውን ሄርማን ቡልን ተሸክመው ካወረዱት አንዱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለጣሊያኖቹ በተሸካሚነት ተቀጠረ። ሐምሌ 30 ቀን አኪሌ ኮምፓኞኒና ሊኖ ላቼዴሊ በማግሥቱ ወደ ጫፉ የሚወጡበትን ኦክሲጅን፣ ወጣቱ ዋልተር ቦናቲና መህዲ ተሸክመው ወደ መጨረሻው ሰፈር አደረሱ። ድንኳኑ ግን ከተነጋገሩበት ቦታ ርቆ ተተክሎ ነበር። መሸ። ቢጣሩም ኦክሲጅኑን ትተው እንዲወርዱ ተነገራቸው። በጨለማ መውረድ የማይቻል ስለ ነበር ሁለቱ በ8,100 ሜትር ገደማ ያለ ድንኳንና ያለ መኝታ ከረጢት በበረዶ ላይ ቁጭ ብለው አደሩ።

ቦናቲ እግሩ ሳይጎዳ ወረደ። መህዲ የሁለት እግሮቹን ጣቶች በሙሉ አጣ። ቤተሰቦቹ እንደሚናገሩት፣ ጉዞው ለተሸካሚዎች ካመጣው ጫማ መካከል ለሰፊ እግሩ የሚሆን አልተገኘለትም፤ ስለዚህ ያደረገው ከልኩ ሁለት ቁጥር የሚያንስ የወታደር ከስክስ ነበር። ቀደም ሲል ከእግር ጠላቶች አንዱ ጥበት ነው ብለናል። ያን ሌሊት በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ብርድ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ በልኩ የተሠራ የተራራ ጫማ፣ ሌላው የጠበበ ከስክስ ነበረው።

በማግሥቱ ጣሊያኖቹ ጫፉን ያዙ፤ በአገራቸውም ታላቅ ደስታ ሆነ። ያች ሌሊት ለብዙ ዓመታት በቦናቲና በባልንጀሮቹ መካከል የክርክር ምክንያት ሆና ኖረች፤ ከ50 ዓመታት በላይ ቆይቶ የጣሊያን ተራራ ወጪዎች ክበብ የቦናቲን ቃል ተቀበለ። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ መህዲ እምብዛም ስሙ አልተነሣም። ዳግመኛ ተራራ ሳይወጣ በመንደሩ ኖሮ በ1999 ሞተ። እኛም ይህን የምናነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አንድ ዕቃ «ተፈለሰፈ» ሲባል ለሁሉ ደረሰ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘን ነው።

ከድርብ ቆዳ ወደ ዛሬው

ከ1950ዎቹ በኋላ የተስፋፋው መፍትሔ ድርብ ጫማ ነው፤ ከውጭ ጠንካራ ቆዳ፣ ከውስጥ የሚወልቅ የተጠቀጠቀ ሱፍ። ሌሊት ውስጠኛው ከመኝታ ከረጢት ገብቶ ስለሚደርቅ የሂላሪ ችግር ቀለለ። ሆኖም ቆዳው በብዙ ቀን ጉዞ መራሱ አልቀረም። በ1970 ናንጋ ፓርባት ላይ ራይንሆልድ ሜስነር ወንድሙን ጉንተርን ሲያጣ፣ የራሱም ብዙ የእግር ጣቶች ተቆረጡ። ወንድሙ በየትኛው ወገን እንደ ሞተ ለዓመታት ክርክር ነበር፤ በ2005 በዲያሚር ወገን አስከሬኑ ከቆዳ ጫማው ጋር ሲገኝ አብረው በዚያ በኩል ወርደዋል የሚለው የሜስነር ቃል ተደገፈ። ጫማ እዚህም ምስክር ሆነ።

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ከበረዶ ሸርተቴ ጫማ የተወሰደ የፕላስቲክ ቅርፊት ቆዳን ከከፍተኛ ተራሮች አባረረው። ፕላስቲክ አይርስም፤ ነገር ግን ደረቅና ከባድ ነው፣ ሲያረጅም በድንገት ይሰነጠቃል። በኋላ ስስ ሰው ሠራሽ ጭረቶችና ውኃ ከልክለው እንፋሎት የሚያሳልፉ ጨርቆች ስለ ተገኙ፣ ገበሩ ከቆዳው ጋር የተሰፋ ነጠላ ጫማ ለበረዶ መውጣት ተመልሶ መጣ። ዛሬ ለአንድ ቀን የበረዶ ገደልና ለመካከለኛ ተራራ እንዲህ ያለው የቆዳ ጫማ ይበቃል። ሌሊት ለሚታደርበት ከፍተኛ ተራራ ግን ውስጡ የሚወልቅ ድርብ ጫማ ያስፈልጋል።

መራጩ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ታሪክ የወጣ ነው። ሶሉ አይታጠፍም ወይ? ክራምፖን የሚነክስበት ጠርዝ ከፊትና ከተረከዝ አለው ወይ? በወፍራም ካልሲ ሲለካ ጣቶች እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ ወይ? ተረከዝስ ሳይነሣ ይቀመጣል ወይ? እግር ከሰዓት በኋላም በከፍታም ስለሚያብጥ በጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ሊጠብ ይችላል። ለሙቀት ተብሎ ሁለት ካልሲ በጠባብ ጫማ መደረብ ደምን አግዶ ብርዱን ይጨምራል። የራሰ ቆዳ ከእሳት አጠገብ ከደረቀ ይሰነጠቃል። በመጨረሻም፣ የሌላ ሰው እግር ያመሰገነው ጫማ ለራስ እግር ልክ ላይሆን ይችላል።

ለክፍል ትምህርት

በኪሊማንጃሮ ጎብኚ ሲወጣ ምግቡንና ድንኳኑን የሚሸከሙለት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በሞሺ ከተማ በ2003 የተቋቋመ የተሸካሚዎች መርጃ ድርጅት ጫማና የብርድ ልብስ በነጻ ያውሳቸዋል። እንዲህ ያለ ድርጅት ማስፈለጉ ራሱ፣ በ1954 የተነሣው ጥያቄ በጊዜው እንዳልተዘጋ ያስረዳል።

መምህራን በክፍላቸው የበረዶ ጫማ ማምጣት አይጠበቅባቸውም። ተማሪው ያደረገው ሸራ ወይም በረባሶ ይበቃል። የማን እጅ ሠራው? ከምን ተሠራ? ከእርሱ በፊት ምን ይደረግ ነበር? ምን ችግር አስለወጠው? ዛሬስ በባዶ እግሩ የሚሄደው ማን ነው? ተማሪዎች መልሱን ከአያቶቻቸው፣ ከጫማ ሰፊዎችና ከነጋዴዎች ጠይቀው ቢያመጡ፣ ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የተዘጋ አለመሆኑን ራሳቸው ያገኙታል። የመጨረሻውን ጥያቄ ግን እንዳይዘሉት አደራ እንላለን።